ሙቀቱን ማን ይሸከም?

የፋብሪካውን ማርሚታ አውልቆ ሌላ ያስገጠመ ባለመኪና፣ ሙቀት የሚከላከል ጥቅል ይጨመርበት ወይስ ይቅር ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

ጥቅሉ ከመስታወት ወይም ከባዛልት ክር የተሸመነ ነው። ሙቀቱን ከጭሱ ጋር አፍኖ ስለሚያስቀር በኮፈኑ ሥር ያሉትን የኤሌክትሪክ ገመዶችና የጎማ ቱቦዎች ከመለብለብ ያድናል፤ ጭሱም ትኩስነቱን ሳያጣ ፈጥኖ እንዲወጣ ይረዳል።

ነገር ግን የታፈነው ሙቀት ተሸካሚውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ቀድሞ ነፋስ ይጋራው የነበረውን ሸክም ቧንቧው ብቻውን ይችለዋል፤ ውሎ አድሮም በብየዳው ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጥቅሉ ዝናብ ሲጠጣ ተራው ብረት ከሥሩ ሳይታይ ይዝጋል፤ የሞተር ዘይት ከጠጣ ደግሞ ሊቀጣጠል ይችላል።

ስለዚህ መልሱ መኪናው በሚኖረው ኑሮ ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ1953 በተጀመረውና በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና በተመለሰው የኬንያ ሳፋሪ ራሊ የሚሮጥን መኪና ባለሙያዎች በውድድሩ ቀናት ሁሉ ይፈትሹታል፤ የተጎዳውንም ይለውጡለታል። ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያደርስ መኪና ግን ዓመት ሙሉ ሥሩን የሚያይለት ላያገኝ ይችላል። እንዲህ ላለው መኪና ከጥቅሉ ይልቅ በቧንቧውና በገመዶቹ መካከል ክፍተት ትቶ የሚታሰር የቆርቆሮ መከለያ ይሻለዋል፤ ሙቀቱን ይመልሳል፣ ነፋስ ያስገባል፣ ዝገቱንም አይሰውርም።