መንገዱ የመረጠልን ሐይቅ

ስለ ጸጥታ፣ ስለ ስደተኞችና ስለ ሰሊጥ ዋጋ ስጽፍ የምታውቁኝ ሰው ዛሬ ስለ ሽርሽር ልጽፍ ነው። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡና ፍረዱኝ።

የምንኖረው ምዕራብ ጎንደር፣ ገንዳ ውሃ ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት። እኔ ለዚህም ለዚያም ዘገባ እየሠራሁ የምተዳደር ጋዜጠኛ ነኝ። የተጋባነው በ2015 ዓ.ም. በዳግማይ ትንሣኤ ሲሆን፣ ከሠርጉ በፊት አጥብቀን የተከራከርንበት ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፦ ጫጉላችንን የት እናሳልፍ?

እሷ ሽንፋ ተወልዳ ያደገች የቆላ ልጅ ናት። መተማን በሚያዝያ የሚያውቅ ሰው ምን እንደምትፈልግ ለመገመት አይቸገርም። ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ በሚያልፍበት ወር ሙሽራ መሆን፣ በእሷ አባባል፣ «ኩሉም ሙሽራይቱም አብረው የሚቀልጡበት» ነገር ነው። ጥያቄዋም አጭር ነበር፦ «ተራራ መሃል ያለ ሐይቅ። ማታ ጋቢ የሚያስደርብ። የወባ ትንኝ የሌለበት።»

አንድ ወዳጄ «ምን ያርቃችኋል? ቋራ ውስጥ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አለላችሁ አይደል?» አለን። ፓርኩ ሱዳን ካለው ከዲንደር ጋር ይዋሰናል፤ አንበሶች እንዳሉበትም በ2008 ዓ.ም. በጥናት ተረጋግጧል። ባለቤቴ ግን «እኔ ጋቢ አልሁ እንጂ አንበሳ አላልሁም» ብላ ዘጋችው።

እኔም እንደ ሙያዬ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ አራት ሐይቆች ጻፍሁ።

አንደኛው ዘንገና ነው። አዊ ውስጥ፣ ከእንጅባራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ከአዲስ አበባው አስፋልት ዳር ይገኛል። እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ ዙሪያውን ዛፍ የከበበው ክብ ሐይቅ ነው። ተማሪ ሳለሁ በአውቶቡስ ሳልፍ «አንድ ቀን ከሚስቴ ጋር እመጣለሁ» ያልሁት እሱን አይቼ ነው፤ ያኔ ሚስት ቀርቶ የምሳ ብር አልነበረኝም።

ሁለተኛው ወሎ ያለው ሐይቅ ነው፤ ስሙም ሐይቅ። ከደሴ በስተሰሜን፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት። ይህን በኩራት ሳስረዳት ገዳሙ የወንዶች መሆኑንና ሴት እንደማይገባ ከሌላ ሰው ሰምታ ነበር። «በጫጉላችን አንተ ገዳም ገብተህ እኔን በር ላይ ልታቆመኝ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሦስተኛው አሸንጌ ነው። ከኮረም ወደ ማይጨው ሲኬድ፣ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሐይቅ። ከጦርነቱ በፊት ወደ መቐለ ስሄድ ከመንገዱ ላይ ቁልቁል አይቼዋለሁ። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ ያፈገፍግ የነበረውን የኢትዮጵያ ጦር የጣሊያን አውሮፕላኖች በመርዝ ጭስ የፈጁትም በዚያው ሐይቅ ዙሪያ ነው። ውበቱን ያየ ሰው ይህን ታሪክ ለማመን ይቸገራል።

አራተኛው ወንጪ ነው። በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ ጫፉ 3,386 ሜትር ከሚደርስ ተራራ አናት ላይ ያለ ሐይቅ ሲሆን፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። በፈረስ ይወረዳል፣ በጀልባ ይሻገራሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ የመረጠው ነው። ጋቢ የሚያስደርብ ከሆነ ወንጪ ደርቦም አይበቃውም።

ስንከራከር ከርመን ዘንገና ላይ ተስማማን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ስዑር ነበር፤ ሠርጋችን ስምንት ቀን ቀርቶታል። ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ። በቀናት ውስጥ ገላባትን ተሻግሮ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን ሞላው። ከስደት የሚመለሱ ወገኖቻችን፣ ሱዳናውያን፣ ኤርትራውያን፣ ቱርኮች ሳይቀሩ ሻንጣቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ሠርጋችንን ሠረግን። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ወደ ሥራ ተጠራች፤ እኔም ካሜራዬን ይዤ ተከተልኋት። ሌላው ሰው ከጫጉላው የፎቶ አልበም አለው። እኛ ያለን እሷ ድንኳን ሥር የሕፃን ትኩሳት ስትለካ በስልኬ ያነሳኋት አንድ ፎቶ ነው።

«ነሐሴ ላይ እንሄዳለን» አልን። ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የቀረውን የዚህ ገጽ አንባቢ ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ ያ ዝርዝር የሐይቆች ዝርዝር መሆኑ ቀረና የመንገዶች ዝርዝር ሆነ። ለዘንገና ከጎንደር ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ዳንግላ፣ ከዳንግላ እንጅባራ ማለፍ ያስፈልጋል። ለሐይቅ በደብረ ታቦር፣ በጋሸናና በወልዲያ። አሸንጌ ደግሞ የአካባቢው የአስተዳደር ጥያቄ ገና ያልተዘጋበት ነው። ለወንጪ ከጎንደር አውሮፕላን መያዝ ይቻላል፤ የሁለት ሰው የደርሶ መልስ ቲኬት ግን ከእኔ የወራት ገቢ ጋር ሲተያይ ሐይቁን በፎቶ ማየት ይመረጣል። ደግሞም ጎንደር ለመድረስ መጀመሪያ የእኛን መንገድ ማለፍ አለ። የመተማ ጎንደርን መንገድ በእነዚህ ዓመታት የሄደበት ሰው ያውቀዋል፤ እገታ የሚለው ቃል ቤት ውስጥ እንደ ወባ የተለመደ ቃል ሆኗል።

ልብ ብላችሁ ከሆነ በሀገራችን ሰው ጉዞ ሲያስብ የሚጠይቀው ጥያቄ ተቀይሯል። ድሮ «እዚያ ምን አለ?» ነበር። አሁን «መንገዱ እንዴት ነው?» ሆኗል። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ለጊዜው ሰላም ነው።» በዚያ «ለጊዜው» ውስጥ ስንት ሠርግ፣ ስንት ለቅሶ፣ ስንት የታመመ ሰው እንደቀረ ቆጥሮ የጻፈው የለም። እኔም አልጻፍሁትም። ስንት ሰው እንደሞተ እንጂ ስንት ሰው ሳይሄድ እንደቀረ ዜና አይሆንም።

አንድ ቀን ቡና ላይ ስለ ሐይቅ ስናወራ የሰማች አንዲት የእናት ያህል ጎረቤታችን «ልጆቼ፣ ሀገር እንዲህ ሆኖ ሽርሽር ታስባላችሁ?» አለችን። በክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ልጇ ከሄደበት ሳይመለስ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ባለቤቴ ቀና ብላ አላየቻትም። ያን ማታ ስለ ሐይቅ አላወራንም፤ ለወራትም አላነሳነውም።

ያ ዝምታ ግን ከነገሩ ሁሉ በላይ አስጨነቀኝ። ሴትዮዋ ትክክል ትሆን? ሰው እየተቸገረ ስለ ራስ ደስታ ማሰብ ነውር ነው? ብዙ አሰብሁበት። የደረስሁበትን ልንገራችሁ፤ መቃወም ትችላላችሁ።

መተማ ሲባል ሰው የሚያውቀው ሦስት ነገር ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ቦታ፤ ሰሊጥና ጥጥ፤ ድንበር የሚሻገር ስደተኛ። እኔም በዚህ ጥፋተኛ ነኝ፤ ከዚህ የምልከው ዘገባ ሁሉ ከሦስቱ ከአንዱ አይወጣም። አንድም አርታኢ «እዚያ ያሉ ባልና ሚስት ዕረፍታቸውን የት ያሳልፋሉ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። የድንበር ሰው በዜና ውስጥ ይሞታል፣ ይሰደዳል፣ ይታገታል፣ ሰሊጥ ያጭዳል። ሚስቱን ይዞ ሐይቅ ዳር አይቀመጥም። ይህን ለረጅም ጊዜ ስንሰማ እኛም አመንነው መሰለኝ፤ ደስታ የሌላ ሀገር ሰው ነገር ሆኖ ታየን።

እኔ ግን እላለሁ፦ ከሁለት ወር በኋላ የሚሆን ነገር ማቀድ ቅንጦት አይደለም። ጦርነት ከሰው መጀመሪያ የሚወስደው ይህንኑ ነው። ቤቱን ሳያቃጥልበት፣ ልጁን ሳይነጥቀው፣ «በሚቀጥለው ወር» የሚለውን ቃል ከአፉ ይወስድበታል። ሌላም አለ። የወንጪ ፈረስ አከራይ፣ የጣና ጀልባ ነጂ፣ ዘንገና ዳር ሻይ የምታፈላ እናት የሚያድሩት በመጣው ሰው ነው። እኛ አፍረን ስንቀር እነሱም ጦማቸውን ያድራሉ።

በመጨረሻ የመረጠችው ባለቤቴ ናት። ከአዳር ሥራ ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች «ጣናስ?» አለችኝ። «ጣና የተራራ ሐይቅ አይደለም» አልሁ፤ ዝርዝሬ ውስጥ እንኳ አልነበረም። «ለማን ነው የማይሆነው?» አለች። እውነቷን ነው። መተማ ከባሕር ጠለል 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ። ከእኛ አንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውሃ ነው። ለጎንደሬ ሜዳ ይሆናል፤ ለሽንፋ ልጅ ግን ተራራ ላይ ነው።

ባለፈው ግንቦት፣ ከሠርጋችን ሁለት ዓመት ከአንድ ወር በኋላ፣ ለሁለት አዳር ጎርጎራ ሄድን። ከመነሳታችን በፊት ስንት ሰው ጋር እንደደወልሁ አልነግራችሁም። በአይከል፣ በአዘዞና በቆላ ድባ አድርገን ደረስን። እስከ አዘዞ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ሁለታችንም ብዙ አላወራንም፤ እጇ እጄ ውስጥ ነበር፤ ላቡ የማን እንደሆነ አላውቅም።

ጎርጎራ አፄ ሱስንዮስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የከተሙባት ናት፤ በሥዕሎቿ የታወቀችው ደብረ ሲና ማርያምም እዚያው ናት። አሁን በገበታ ለሀገር የተሠራው ትልቅ መዝናኛ አለ፤ እኛ ግን ለኪሳችን የሚሆን አነስተኛ ማረፊያ ይዘን ነበር። ልክ እንደደረስን ጫማዬን አውልቄ ወደ ውሃው ስገባ ባለቤቴ «ውጣ!» ብላ ጮኸች። «ቢልሃርዝያ አለበት!» ነርስ ማግባት እንዲህ ነው። ሁለት ዓመት የጠበቅሁትን ሐይቅ ዳር ላይ ቆሜ አየሁት።

ማታ ጋቢ ደረበች። ብዙ ስለበረደ አይደለም፤ ከቤት ይዛው ስለመጣች ነው።

እዚያ ተቀምጠን አንድ ነገር ነገርኋት። በልጅነቷ ውሃ የቀዳችበት የሽንፋ ወንዝ ከጣና በስተምዕራብ ካለው ደጋ ተነስቶ፣ ሱዳን ሲገባ ራሃድ ተብሎ፣ ወድ መደኒ አካባቢ ከጣና ከሚወጣው ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ጎን ለጎን የተወለዱ ውሃዎች ተለያይተው ዞረው የሚገናኙት ጦርነት ባለበት ሀገር ነው። ዝም ብላ ቆየችና «ከወድ መደኒ የመጣች አንዲት እናት ነበረች፤ ቤታችን ወንዝ ዳር ነበር ትለኝ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ስልኳን አጠፋች። ከተጋባን ጀምሮ ስልኳን ስታጠፋ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ስንመለስ ለጎረቤታችን ከጎንደር ትንሽ ቡናና ሻማ ይዘንላት ገባን። ትቆጣለች ብለን ፈርተን ነበር። ተቀበለችንና «መንገዱ እንዴት ነበር?» አለች። «ደህና ነው» አልናት። ትንሽ ቆይታ «ሐይቁስ?» አለች። ባለቤቴ አጠገቧ ተቀምጣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወራችላት።

ዝርዝሩ አሁንም ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ አለ፤ አራቱም ሐይቆች አልተሰረዙም። ለመንግሥትም፣ ለታጠቁትም፣ መንገድ ለሚዘጋ ሁሉ የምለው አንድ ነው። ስለ ሰላም ስታወሩ በትልልቅ ቃላት ታወራላችሁ፤ እኛ የምንለካው ግን በትንሽ ነገር ነው። አንዲት ከሽንፋ የመጣች ነርስና ባሏ ተነስተው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ማንም ሳያስቆማቸው ዘንገና ደርሰው የተመለሱ ቀን ሰላም መጥቷል ብዬ እጽፋለሁ።

እናንተስ? ሳትሄዱበት የቀራችሁት ሐይቅ የትኛው ነው? ከታች ጻፉልኝ። መንገዱ እንዴት እንደሆነ ግን አትንገሩኝ፤ እዚያ ምን እንዳለ ብቻ ንገሩኝ።

ቸር ሰንብቱ።