የሮማ የውሃ ቦይና ጠባቂዎቹ

ሮማን ለማየት የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚቸኩለው ወደ ታላላቆቹ አብያተ ክርስቲያናትና ወደ ፈረሱት ቤተ መንግሥቶች ነው። እኛ ግን ልጆች ይዘን ስለ ነበረ ከሌላ ስፍራ ልንጀምር ወደድንና በከተማው ምሥራቅ በኩል ወዳለው ፖርታ ማጆሬ ወደሚባለው በር አመራን። ትርጓሜውም ታላቁ በር ማለት ነው።

በሩ በታላላቅ ድንጋይ የታነጸ ሲሆን ከበላዩ ሦስት ጽሕፈት በላቲን ቋንቋ ተቀርጾበታል። ከልጆቹ አንዱ ቀና ብሎ ተመለከተና «በሩ አንድ ሲሆን የሦስት ነገሥታት ስም የተጻፈበት ስለ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው መልካም ነበረ፤ ነገር ግን መልሱን ከመስጠታችን በፊት የውሃውን ነገር ማስረዳት አስፈለገን።

ይህ በር በመጀመሪያ የተሠራው ውሃ ከመንገድ በላይ እንዲሻገርበት ነው። በራሱ ላይ ሁለት ቦዮች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው ያልፉ ነበር። የታችኛው የቀላውዴዎስ ቦይ ይባላል፤ ሥራውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ38 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ አስጀመረው፤ በ52 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ ፈጸመው። ውሃው የሚመጣው ከከተማው በስተ ምሥራቅ በአንዬኔ ወንዝ ሸለቆ ካሉት ምንጮች ሲሆን የቦዩ ርዝመት 69 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ልጆቹም «ይህን ያህል መንገድ ውሃውን ማን ገፋው?» አሉ። የገፋው የለም፤ የገዛ ክብደቱ አወረደው እንጂ። «በቤታችን ጣሪያ ጫፍ የተሰቀለውን አሸንዳ አስቡ። ወደ አንድ ወገን ጥቂት ያዘነበለ እንደ ሆነ የዝናቡ ውሃ በጸጥታ ይወርዳል። ሁለቱ ጫፎቹ እኩል የሆኑ እንደ ሆነ ውሃው ይቆማል፤ ደለልም ይተኛበታል። እጅግ ያዘነበለ እንደ ሆነ ደግሞ ውሃው እየተወረወረ ቦዩን ይበላዋል» አልናቸው። የሮማ መሐንዲሶችም ድካማቸው ሁሉ ያንን ጥቂት ማዘንበል ከምንጩ ጀምሮ እስከ ከተማው ድረስ መጠበቅ ነበረ። ኮረብታ ሲገጥማቸው ምድሩን ቦረቦሩ፤ ዝቅ ያለ ሜዳ ሲገጥማቸው ቦዩን በቅስት ላይ አሳለፉ። ስለዚህ ከቦዩ አራት እጅ ሦስቱን የሚበልጠው በምድር ውስጥ ተሰውሮ የሚሄድ ነው፤ ሰው የሚያደንቀው ቅስት ጥቂቱ ክፍል ነው።

ቅስቶቹን ለማየት ከከተማው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወጥተን ዛሬ የውሃ ቦዮች መናፈሻ ወደሚባለው ሜዳ ሄድን። በአንዳንድ ስፍራ ቁመታቸው ከ25 ሜትር የሚበልጥ ነው። ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው እየተደጋገፉ ሸክሙን ወደ ምሰሶዎቹ ያወርዱታል፤ በመካከላቸውም መንገደኛና ከብት ያልፋል። በዚያ ጥላ ተቀምጠን የልጁን ጥያቄ መለስንለት።

የፊተኛው ጽሕፈት ቀላውዴዎስ ውሃውን እንዳመጣ ይናገራል። ሁለተኛው በ71 ዓ.ም. የተጻፈው የንጉሠ ነገሥት ቬስጳስያኖስ ነው፤ ውሃው ተቋርጦ ቦዩም ፈርሶ 9 ዓመት ከቆየ በኋላ በገዛ ገንዘቡ እንዳሳደሰው ይገልጻል። ሦስተኛው በ81 ዓ.ም. የልጁ፥ ኢየሩሳሌምን የያዘው የጥጦስ ነው፤ እርሱም ቦዩ በእርጅና ተበላሽቶ ስላገኘው እንደ ገና ጠገነው። እንግዲህ 14 ዓመት የተደከመበት ሥራ 10 ዓመት ብቻ አገልግሎ 9 ዓመት ደርቆ ኖረ ማለት ነው። ማነጽ አንድ ጊዜ ነው፤ መጠበቅ ግን በየቀኑ ነው።

ይህንንም ከሁሉ ይልቅ ያወቀው ፍሮንቲኖስ የሚባል ሹም ነበረ። የብሪታንያ አገረ ገዥ ሆኖ የኖረ ታላቅ ሰው ሲሆን በ97 ዓ.ም. በሮማ ውሃ ላይ ተሾመ። ሹም የሆነ ሰው የማያውቀውን ሥራ በበታቾቹ ቃል ብቻ ሊመራው እንደማይገባ አስቦ ቦዮቹን ራሱ መረመረ፤ ያገኘውንም በመጽሐፍ ጻፈው። በመንገዶቹ ሥር ስውር ቧንቧ እየገጠሙ የሕዝቡን ውሃ የሚሸጡ ሠራተኞች ነበሩ። ለቦዮቹ ጥበቃ የተመደቡት 700 ሰዎች ደግሞ በአለቆቹ አድልዎና ቸልተኝነት በግለ ሰዎች ሥራ ላይ ይውሉ ነበር። ፍሮንቲኖስ ወደ ተግባራቸው መለሳቸው፤ የነገውን ሥራ ዛሬ እየወሰነ፥ የተሠራውንም በየዕለቱ በመዝገብ እያስጻፈ አሠራቸው።

በ537 ዓ.ም. ጎቶች ሮማን ከበው ቦዮቹን ቆረጡ። የቀላውዴዎስ ቦይ ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ነገር ግን አግሪጳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ19 ዓመት ያስመጣው ቪርጎ የሚባለው ውሃ፥ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት ሊቃነ ጳጳሳቱ ስላሳደሱት፥ ዛሬም ወደ ከተማው ይገባል። የቪርጎ ውሃ የተዘረጋለትን ትሬቪ የሚባለውን ዝነኛ ፏፏቴ ማታ ለልጆቹ አሳየናቸው።

ወደ ቤታችን በተመለስን በሳምንቱ ብርቱ ዝናብ ዘነበ። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ኖሮ ውሃው በግድግዳው ላይ ይወርድ ጀመር። ያ ጠያቂ ልጅ በመስኮት አይቶ «ቬስጳስያኖስ ወዴት አለ?» አለን። ስቀን ዝም ልንል አልተቻለንም፤ ዝናቡ እንዳባራ መሰላል አስመጥተን ቅጠሉን በገዛ እጃችን ጠረግነው።