ሐረርን ስትጎበኙ የሴቶችን እጅ ሥራ አትለፉ

በዕረፍታችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ታሪካዊት ከተማ ለመጎብኘት ካሰባችሁ ሐረር ለዚህ አመቺ ናት። ከአዲስ አበባ 525 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በግንብ የታጠረው ጥንታዊው ክፍል፣ ጀጎል፣ ስፋቱ 48 ሄክታር ብቻ ስለሆነ ሕፃን ያዘለች እናት እንኳ ቀስ እያለች በእግሯ ልትዞረው ትችላለች።

ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ሲሆኑ፣ እነርሱም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። በአንደኛው ገብታችሁ ጠባቦቹን መንገዶች ስትከተሉ በውስጡ ካሉት 82 መስጊዶች ብዙዎቹን ታያላችሁ። መኪና ግርግር ከተባለው መንገድ ስትደርሱ ደግሞ የልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ይቀበላችኋል፤ መንገዱም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድምፅ ነው።

ይሁን እንጂ ግንብና በር ብቻ አይቶ መመለስ ከደጅ እንደ መመለስ ይቆጠራል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመኖሪያ ቤቶቿን ልዩ አሠራርም ተመልክቶ ነው። ስለዚህ እንግዳ ከሚቀበሉት ነባር ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ ነደባ የሚባሉትን ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መደቦች ታያላችሁ። ግድግዳው በልዩ ልዩ ቀለም በተሰፉ ስፌቶች ተሸፍኗል። እነዚህን የሰፉት ሴቶች ናቸው። ሙያውም ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የቆየ ነው።

እንግዲህ ስፌት ለመግዛት ስትጠይቁ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ስንት ቀን እንደፈጀ ሰፊዋን ጠይቋት። እኛ በደመወዝ የምናድር ሴቶች የአንድ ቀን ድካም ምን ያህል እንደሚያወጣ አሳምረን እናውቃለን። ሌላዋ ሴት ጎንበስ ብላ የዋለችበትን ሥራ በርካሽ ስናገኝ ደስ ካለን ግን ነገሩ ሊታሰብበት ይገባል። የማያበላትን ሙያ እናት ለልጇ ለማስተማር አትጓጓም። ግንቡ ቢፈርስ በድንጋይ ይጠገናል፤ የጣት ሙያ ግን የሚያውቁት ካለፉ በኋላ መልሶ ማምጣት አስቸጋሪ ነው።

ስለሆነም ሴቶችም ወንዶችም ልጆቻችሁ ሰፊዋ ስትሠራ ቁጭ ብለው ይመልከቱ፤ ፎቶግራፍ ለማንሳት ሲፈልጉም አስቀድመው እንዲያስፈቅዱ ንገሯቸው። መልካም ጉዞ!