የአባታችን ሰንጢ

ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ዕቃ በየቤቱ አይጠፋም። በአንዱ ቤት ሙቀጫ፣ በሌላው ኮርቻ፣ በሌላው ደግሞ ዶቃው ያለቀ ሙስበሃ ይሆናል። በኛ ቤት ግን ይህ ዕቃ አንዲት አሮጌ ሰንጢ ናት። ስለ እርሷ የምናወጋችሁም ሰንጢ ብርቅ ሆናብን ሳይሆን፣ በእርሷ ሳቢያ በገዛ ወንድማችን ላይ የሰጠነው ፍርድ እስከ ዛሬ ስለሚያሳፍረን ነው።

ያደግነው ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው የወገራዋ አምባ ጊዮርጊስ ነው። አባታችን ሸማኔ ናቸው። ሰንጢዋን ጎንደር ገበያ የገዟት አያታችን ሲሆኑ፣ ጊዜውም ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ከሰጠ በኋላ እንደነበር አባታችን ይነግሩናል። በስለቷ ግርጌ በላቲን ፊደል «ሶሊንገን» የሚል ጽሑፍ ነበረባት። ሶሊንገን በቢላና በመቀስ ሥራ ለዘመናት የታወቀች የጀርመን ከተማ ናት፤ ስሟ በሌላ ቦታ በተሠራ ስለት ላይ እንዳይጻፍ እ.ኤ.አ. በ1938 ሕግ ወጥቶላታል። የሰንጢዋ ብረት ሎሚ ሲነካት የምትጠቁር፣ እርጥበት ካደረባት የምትዝግ፣ ነገር ግን በሞረድ ቶሎ ስለት የምታወጣ ዓይነት ናት። አባታችን ክር ሲቆርጡባት፣ ቀሰም ሲያስተካክሉባት፣ ድንችም ሲልጡባት ኖረዋል። ከመሳል ብዛት ስለቷ ቀጥኖ ግማሽ ሆኖ ነበር። አንደኛው የቀንድ እጀታዋም ተሰንጥቋል፤ ሚስማሯም ላልቶ ስትከፈት ትወዛወዝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ለዓረፋ ከያለንበት ተሰባስበን ሳለ የሁላችን ታናሽ የሆነው ወንድማችን ሰንጢዋን ከኪሱ አውጥቶ አሳየን። ራሱ አድሷታል! የተሰነጠቀው ቀንድ ወጥቶ በወይራ እንጨት ተተክቷል። በሚስማሩ ፈንታ ብሎን ገብቶባታል። ጫፏ ተቆርጦ ደንዟል። በስለቷ ጀርባ በኩል ቀዳዳ ተበስቶ የጠፍር ማንጠልጠያ ታስሮበታል። ስለቷም እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፤ «ሶሊንገን» የሚለው ጽሑፍ ግን ድራሹ ጠፍቷል።

እኛ ሦስቱ ታላላቆቹ ያን ጊዜ የተናገርነውን ባንናገረው ኖሮ እንዴት መልካም ነበር! አንዳችን «የአያታችንን ቅርስ አበላሸህ» አልነው። ሌላችን «ሥራ ፈት» አልነው። ጎንደር ጋራዥ የሚሠራው ወንድማችን ደግሞ ዕቃዋን አገላብጦ ካየ በኋላ በባለሙያ አንደበት ጥፋቱን ዘረዘረለት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ አባባን ጠይቋቸው» ከማለት በቀር አንድም ቃል አልመለሰልንም። እኛም አልጠየቅናቸውም።

ማታ ከመግሪብ በኋላ ነገሩን ያነሱት አባታችን ራሳቸው ናቸው። ጣቶቻቸው እየተንቀጠቀጡ ያንን ጠፍር ያዙና ሳብ አደረጉት፤ ሰንጢዋም ተከፈተች። «ጥፍሬ ከከዳኝ ዓመት ሆኖኛል» አሉን። «በጀርባዋ ያለው ሞላ ጠንካራ ነው፤ አልከፈት ትለኝ ነበር። ክሩን በጥርሴ ስቆርጥ ያየኝ ይህ ልጅ ብቻ ነው። ጫፏም ስትዘጋ ብቅ እያለች ጣቴን ሁለቴ ወግታኛለች። እናንተ በዓል በመጣ ቁጥር እየመጣችሁ ሰንጢዋን አያችሁ፤ እጄን ግን አላያችሁም።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ቡና የምታቀርበው እናታችን እንኳ ሲኒውን እንደያዘች ቆመች።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደገና መረመርነው፤ በዚህኛው ዙር ግን ለማን እንደተሠራ እያሰብን ነበር። ብሎኑ ለዓይን ባያምርም ሲላላ ሊጠበቅ ስለሚችል ከሚስማሩ ይሻላል። ወይራው ጠንካራ እንጨት ነው፤ ለሚንቀጠቀጥ እጅም ወፈር ያለ መያዣ ሆኗል። ጫፏ መደንዘዙ ክር ለመቁረጥ አይጎዳም። ጠፍሩማ ከሁሉም በላይ ነበር።

ይሁን እንጂ እውነቱን ለማስደሰት ብለን አልሸሸግንም፤ ጥፋትም ነበረበትና። ጽሑፉን መፋቁ ምንም ጥቅም የሌለው ኪሳራ ነው፤ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ሌላው ጥፋት ደግሞ የኤሌክትሪክ መሞረጃ መጠቀሙ ነው። ወደ ጫፉ አካባቢ ብረቱ ወደ ሰማያዊነት ተለውጦ ነበር። እንዲህ ያለው ብረት 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግል ይህን ቀለም ያወጣል፤ ጥንካሬውም ስለሚቀንስ ስለት ቶሎ ይደነዝበታል። ጋራዥ የሚሠራው ወንድማችን ከታናሹ ጎን ተቀምጦ፣ ውሃ በነካ ድንጋይ ቀስ እያሉ ያንን ክፍል አብረው አነሱት። ያ ሥራ እስከ ዒሻ ወሰደ። ይቅርታውም የተጠየቀው በዚያው መካከል ነበር።

በማግስቱ በጉ የታረደው ግን በሰንጢዋ አይደለም። ሰንጢዋ ስትከፈት የሚቆልፍ ነገር ስለሌላት በኃይል ሲጫኗት በጣት ላይ ልትዘጋ ትችላለች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለዕርድ ስለታችንን እንድንስልና እንስሳውን እንዳናሠቃይ አዘውናል፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ እጀታው የማይታጠፍ፣ በሚገባ የተሳለ ቢላዋ ነው የሚያሻው። እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ሥራ አለው።

እንግዲህ ውድ ወጣቶች ሆይ! የቤታችሁን አሮጌ ዕቃ ለመጠገን ስትነሱ በቅድሚያ ባለቤቱን ጠይቁ። ሊመለስ የሚችለውን ለውጥ ከማይመለሰው ለዩ፤ ብሎን ይፈታል፣ የተፋቀ ጽሑፍ ግን አይመለስም። ከኤሌክትሪክ መሞረጃ ይልቅ ድንጋይና ትዕግሥት ይሻላችኋል።

እናንተም ታላላቆች ሆይ! ሥራውን ከመንቀፋችሁ በፊት «ለምን እንዲህ አደረግኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳያጣሩ ከመናገርና ከክፉ ጥርጣሬ እንድንርቅ ሱረቱል ሑጁራት አስተምራናለች፤ እኛም በልጅነታችን ቀርተንባታል። ይሁንና ትምህርቷን በገዛ ቤታችን፣ በገዛ ወንድማችን ላይ ዘነጋነው።

አባታችን ዛሬም ክራቸውን የሚቆርጡት በዚያችው ሰንጢ ነው። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ እኛንም የወላጆቻችንን እጅ የምናይ ያድርገን። አሚን።