ባለቅኔውና ደቀ መዛሙርቱ

ወዳጄ ሆይ፣ ገብስና ስንዴ በሚዘናፈልበት በጭላሎ ግርጌ የድኃ ገበሬ ልጅ እግር ተስፋ እንዳለው ዓለም ያውቃል፤ የበቆጂው መምህር ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ገና በለጋነታቸው አሠልጥኖ ለዚህ ምስክር ሆኗልና። አንደበቱንስ ማን ያሠልጥንለት? ይህን ባሰብሁ ቁጥር የደብረ ኤልያሱ ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤ ይታወሰኛል።

ዮፍታሔ የወጣበት የቅኔ ጉባኤ፣ ቁራሽ ለምኖ ያደረ ቆሎ ተማሪ በምሥጢርና በዜማ ልቆ ከተገኘ ከባላባት ልጅ በላይ የሚከበርበት፣ ማዕረግ በትውልድ ሳይሆን በቃል ኃይል የሚለካበት ቤት ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ፍትሕ በዚያ ዘመን የት ነበር? እርሱም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምር፣ በአደባባይ መዝፈን «አዝማሪ» አሰኝቶ በሚያስንቅበት ጊዜ፣ ተማሪዎቹን መድረክ ላይ አውጥቶ የደረሰውን ተውኔት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ያጫውታቸው ነበር። በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡትን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ሙዚቃ ያስተማረው ኬቮርክ ናልባንዲያን በደረሰው የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ላይም ቃሉን ያኖረ እርሱ ነው፤ መዝሙሩም በ1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ በዓል ተሰማ።

እንግዲህ በዚያው በጭላሎ ግርጌ ያላችሁ የአሰላ ባለቅኔዎች ሆይ፣ እናንተም እንደ ዮፍታሔ በየጎዳናው ሊስትሮ የሚሠሩትን፣ ከትምህርት ገበታ የቀሩትን ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ክፍል ሰብስባችሁ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ግጥም ብታስተምሩልን ምንኛ መልካም ነበር! እኔም ወንበር ተሸክሜ እመጣለሁ።