ከቡጢ ጋራ ትግልንም ስለ መማር

ዶካ ከገዳሪፍ ወደ ገላባትና ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የሱዳን ከተማ ናት። በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. አስቀድሞ፥ በዚያ አካባቢ በእርሻ ላይ የሠራተኞች ተቈጣጣሪ ሆኜ ጥቂት ዓመታት ኖሬአለሁ። ሰሊጥና ማሽላ በሚታጨድበት ወራት ከኢትዮጵያም ከሱዳንም ብዙ ጐልማሶች ይሰበሰቡ ነበር፤ ሰው በበዛበትም ስፍራ ስለ ውሃ፥ ስለ መኝታና ስለ ደመወዝ ጠብ አይጠፋም። በዚያ ያስተዋልሁት ልጆች ላሏቸው አንባቢዎች ይጠቅም ዘንድ እነሆ እጽፋለሁ።

ሁለት ሰዎች ሲጣሉ በመጀመሪያ ቡጢ ይሰነዝራሉ፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቈዩ አንዱ የሌላውን ልብስ ወይም አንገት ይይዛል። ከዚያ በኋላ ክንድ የሚወረወርበት ስፍራ ስለሚጠብ ቡጢ ብቻ የተማረ ሰው ግራ ይጋባል። ትግል የለመደ ግን እግሩን አስፍቶ ይቆማል፤ የያዘውን እጅ ያስለቅቃል፤ ጠልፎም ይጥላል። ይሁንና ትግል ብቻ የሚያውቅ ሰው ቡጢ መከላከል ካልተማረ፥ ለመያዝ ሲጠጋ ፊቱን ይመታል። ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው ጐደሎ ነው።

ትግል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ እረኞች በመስክ ላይ ተያይዘው ሲታገሉ ያላየ የለም። የሱዳን የኑባ ሕዝብ ትግልም የታወቀ ነው፤ ድሉ ባላጋራን መሬት ላይ መጣል እንጂ ማቍሰል አይደለም። ጃፓናዊው ጂጎሮ ካኖ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1882 በመሠረተው ጁዶ፥ ተማሪው አስቀድሞ የሚማረው ሳይጐዳ መውደቅን ነው። በ1993ም በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ የልዩ ልዩ ጥበብ ተዋጊዎች በተወዳደሩ ጊዜ፥ ብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ ከእርሱ የሚከብዱትን ሰዎች በመያዝ አሸነፈ።

ለእኔ ግን የትግል ዋና ጥቅሙ ሌላ ነው። በበጋ የዶካ ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቆ ስለሚጠነክር፥ በቡጢ ተመቶ ራሱን ስቶ የሚወድቀውን ሰው ከቡጢው ይልቅ መሬቱ ይጐዳዋል። አንድ ማታ ተቈጥቶ ማጭድ ሊያነሣ የነበረን ጐልማሳ ጓደኛው ከኋላው አቅፎ፥ ክንዶቹን ይዞ አስቀመጠው፤ ሽማግሌዎች እስኪደርሱም አልለቀቀውም። በማግሥቱ ሁለቱም አብረው ለአጨዳ ወጡ። ያ ጓደኛ ከመምታት በቀር የማያውቅ ቢሆን ኖሮ፥ ወደየወላጆቻቸው ቤት ደመወዝ በመላክ ፈንታ መርዶ በተላከ ነበር።

እርግጥ ጩቤ ከያዘ ወይም ብዙ ሆኖ ከመጣ ሰው ጋራ መሬት ላይ መያያዝ አደገኛ ነው፤ በዚያን ጊዜ ትግል የሚጠቅመው ከተያዙበት አምልጦ ለመሮጥ ነው። ይህንንም ሴቶች ልጆች ጭምር ሊማሩት ይገባል፤ የተያዘ እጅ በያዡ አውራ ጣት በኩል ቢመነጨቅ ይለቃልና። እንግዲህ ወላጆች ልጃችሁን ቡጢ ወደሚማርበት ስፍራ ስትልኩ፥ መውደቅን፥ መያዝንና ማስለቀቅንም የሚያስተምር መምህር መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።