ሀሞኩስ ተገኘ፤ ጣሪያውስ?

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ደረሰኝ። የቀድሞ ተማሪዬ ናት። እህቷ ከአረብ አገር ሀሞክ ልካላታለች፤ መስከረም ላይ ከጓደኞቿ ጋር ሐይቅ ዳር ለማደር አስበዋል። «ቲቸር፣ ሀሞኩ ጣሪያ የለውም። ለዝናቡ ምን ዓይነት ሸራ ልግዛ?» ትለኛለች። መልሱ ሲረዝምብኝ ለሁላችሁም ይጥቀም ብዬ እዚህ አመጣሁት። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሀሞክ ለማታውቁት፣ በሁለት ዛፍ መካከል በገመድ የሚሰቀል የጨርቅ አልጋ ነው። ድንጋይ አይቆረቁርም፣ ጭቃም የለም። ግን ሰው ተንጠልጥሎ ስለሚያድር ነፋሱ ከላይም ከታችም ያገኘዋል። ድንኳን ውስጥ ያለ ሰው ግድግዳ አለው። ሀሞክ ላይ ያለ ሰው ያለው ሸራው ብቻ ነው፤ ቤቱ እሱ ነው።

«ብንረጥብስ ምን እንሆናለን?» የሚል ካለ የአገራችንን ብርድ ረስቷል ማለት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሐረጎን የወጣ ሰው 4 ዲግሪ ያህል ብርድ ጨመረ እንደ ማለት ነው። ጦሳ ላይ የሚያድር ደግሞ ከዚያም ይብስበታል። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከደረቅ አየር ከ20 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ይወስዳል። በብርድ የሚሞተው በረዶ አገር ያለ ሰው ብቻ ይመስለናል። አይደለም እኮ! 10 ዲግሪ ላይም ልብሱ የረጠበና ነፋስ የመታው ሰው ሌሊቱን በሙሉ እዚያው ከቆየ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ጓደኛችሁ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ ነገሩ ከብዷል፤ ቶሎ ደረቅ ልብስና ሐኪም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጥያቄው የመዝናኛ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ስለ ሸራ የማውቀውን ሁሉ ከዩቲዩብ አላገኘሁትም። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ወገናችን ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲጎርፍ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆነው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ክፍሎቹ ሞሉ፣ ኮሪደሩ ሞላ፣ ከዚያ ግቢ ውስጥ ላስቲክ መወጠር ተጀመረ። እኔም ከሌሎች መምህራን ጋር ገመድ ስስብ ሰነበትኩ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ ዝናቡን ታውቁታላችሁ።

ከራያ ቆቦ በኩል የመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ ገበሬ ናቸው። ወጣቶቹ ብዙ ሰው ይይዛል ብለው ሸራውን እንደ ጠረጴዛ ልብስ ዝርግ አድርገው ሲወጥሩ አዩና፣ «ልጆቼ፣ ሸራ ሆድ ካወጣ ውሃ ያረግዛል፤ ያረገዘ ደግሞ መውለዱ አይቀርም» አሏቸው። ሁላችንም ሳቅን። ግን ሒሳቡን ስሩት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ከተጠራቀመ 50 ኪሎ ነው። ግማሽ ኩንታል ውሃ በተኙ ልጆች ላይ! እሳቸው እንጨት አስቆርጠው መሐሉን ከፍ አደረጉት፣ ጎንና ጎኑን ወደታች ሳቡት። ጥግ ላይ ያለው የብረት ቀለበት የተነቀለባቸውን ሸራዎች ደግሞ እንዲህ አደረጉ፦ ክብ ጠጠር በሸራው ጥግ ጠቀለሉ፣ አንገቱን በሲባጎ አሰሩ፣ ገመዱን ከዚያ ሳቡ። ቀዳዳ የለ፣ ቀለበት የለ፣ ሸራው አይቀደድ። ይህን ዘዴ ፈረንጆቹም በመጽሐፋቸው ያስተምሩታል፤ እኔ ግን የተማርኩት ቤቱን ጥሎ ከመጣ ገበሬ ነው።

ያኔ ነው የሸራ ነገር የገባኝ። ሸራ የሚመረጠው በውፍረቱ ብቻ አይደለም። ወርድና ቁመቱ፣ የሚወጠርበት ቁልቁለትና የሚሳብበት ገመድ ናቸው ሌሊቱን የሚያሳድሩት። ለእረኛ እኮ የሣር ገሳ ይበቃዋል። ገሳ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ሆኖ አይደለም፤ ሣሩ ወደታች ስለተደረደረ ውሃው ሳያርፍ ይወርዳል።

እንግዲህ ወደ ገበያው እንሂድ።

ጥቁሩ ስስ ላስቲክ፦ በሜትር የሚሸጠው፣ ግንበኞች ከሲሚንቶ ሥር የሚያነጥፉት። ውሃ አያስገባም፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ግን ነፋስ ሲይዘው ገመድ ከታሰረበት ቦታ ጀምሮ ይተረተራል። ለአንድ ሌሊት በጠጠሩ ዘዴ ታስሮ ሊያሳድር ይችላል፤ ጦሳን ለመሰለ ነፋሻ ቦታ ግን አልመክረውም።

የተሸመነው የፕላስቲክ ሸራ፦ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ዳርና ዳሩ የብረት ቀለበት ያለው። ለአብዛኞቻችሁ የሚሆነው ይሄ ነው። ስትገዙ ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን አንሱት፤ እንደ ወንፊት ብርሃን የሚያሾልክ ነጠብጣብ ካያችሁ ተዉት። ቀለበቱን በጣታችሁ ሳብ አድርጉት፣ ዳሩ ውስጥ ገመድ ገብቶ የተሰፋ መሆኑንም እዩ። ፀሐይ ላይ የከረመ ሸራ ይደርቅና ይፈረካከሳል፤ ሱቅ ደጃፍ ተሰቅሎ የከረመውን ሳይሆን ከውስጥ የታጠፈውን አስወጡ።

ነጩ የእርዳታ ሸራ፦ የእርዳታ ድርጅቶች የሚያድሉት፣ ብዙ ጊዜ 4 በ6 ሜትር የሆነው። እሱም የተሸመነ ነው፣ በሁለቱም በኩል የተለበጠ፣ ጠንካራ። አንድ ካሬ ሜትሩ 200 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ሙሉው 5 ኪሎ ይጠጋል። ደግሞ ባለቤት ያለው ነገር ነው፤ ገበያ ላይ ብታዩትም ለሽርሽር አትግዙት። የሰው ጣሪያ ነው።

የመኪና ሸራ፦ ኧረ ተዉት! ጥሩ ነው፣ ግን ተሸካሚ አህያ ያስፈልጋችኋል።

ከውጭ የሚመጣው ስስ ሸራ፦ ዘመድ ከውጭ የሚልክላችሁ ከሆነ ይህን ጠይቁ። 3 በ4 ሜትሩ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ ቦርሳ ጥግ ይገባል። ናይለን ወይም ፖሊስተር መሆኑን እዩ። ናይለን ውሃ ሲነካው ይለጠጣል፤ ማታ የወጠራችሁት ሌሊት ላይ ይረግብና ተነስታችሁ ገመድ ትስባላችሁ። ፖሊስተር እንደዚያ አይረግብም። ዕቃው ላይ 1,500 ወይም 2,000 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር ታያላችሁ። 1,500 ማለት ጨርቁ የ1.5 ሜትር የውሃ ዓምድ ግፊት ችሏል ማለት ነው፤ ለተሰቀለ ሸራ ይበቃል።

አሁን መጠኑ። እዚህ ላይ ደብተር አውጡ! 3 ሜትር ርዝመት ያለው ሀሞክ ሲሰቀል መሐሉ ስለሚጎድብ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። የሸራው ቁመት 4 ሜትር ከሆነ በራስጌና በግርጌ 75 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። 3 ሜትር ብቻ ከሆነ ግን የሚተርፈው 25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ነፋስ ሲመጣ እግራችሁ ይረጥባል። ወርዱ 3 ሜትር ይሁን እንበል። መሐሉን በገመድ ስታንጠለጥሉት በየጎኑ 1.5 ሜትር ይወርዳል። ዘጠነኛ ክፍል የሠራነውን ባለ 3፣ 4፣ 5 ሦስት ማዕዘን አስታወሳችሁ? ጎኑን 90 ሳንቲ ሜትር ወደታች ካወረዳችሁት ወደ ጎን 1.2 ሜትር ይሸፍናል፤ በሁለቱም በኩል 2.4 ሜትር ደረቅ ቦታ ማለት ነው። ነፋሱ ከበረታ ደግሞ ገልብጡት፦ 1.2 ሜትር ወደታች፣ 90 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን። ቦታው ወደ 1.8 ሜትር ይጠባል፣ ግን ዝናቡ ከጎን አይገባም። «መምህር፣ ይሄ ፓይታጎረስ ምን ያደርግልናል?» ስትሉኝ የነበራችሁ፣ ይኸው።

ስለዚህ ለአንድ ሰው 3 በ4 ሜትር ግዙ። ሁለት ሀሞክ ጎን ለጎን ከሆነ 4 በ5 ይሻላል።

የገመዱን ነገር እንዳትረሱ። ዝናቡ ዛፉን ይዞ ይወርድና በሀሞኩ ማሰሪያ ላይ ተንሸራትቶ እናንተ ጋ ይመጣል። ከላይ ሸራ ኖሮ ጀርባችሁ የሚረጥበው በዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከሸራው ሥር በገባው የማሰሪያው ክፍል ላይ፣ ሀሞኩ ከመጀመሩ በፊት፣ ቁራጭ ጨርቅ ወይም ሲባጎ አስራችሁ ወደታች አንጠልጥሉ። ውሃው በዚያ ይንጠባጠባል። ሸራውን ደግሞ ፊታችሁ ድረስ አታውርዱት፤ ትንፋሻችሁ ከሥሩ ውሃ ይሆንና መልሶ ይንጠባጠብባችኋል።

ዛፍ ስትመርጡ ቀና ብላችሁ እዩ። በአካባቢያችን የሚበዛው ባሕር ዛፍ ነው፤ የደረቀ ቅርንጫፉ በነፋስ ይወድቃል። ቅርንጫፍ ደግሞ ሸራ አያቆመውም። ብቻውን የቆመ ረጅም ዛፍ ሥር አትስቀሉ፤ መብረቅ ይወደዋል። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ሸራውን ትታችሁ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። ደረቅ ቢመስልም ጎርፍ የሄደበት ቦይ ላይ አትደሩ፤ ዝናቡ እናንተ ጋ ሳይደርስ ተራራው ላይ ሊጥል ይችላል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ የቦታውን ሰላም አጣሩ። የአካባቢውን ሰው ሳታስፈቅዱ፣ የቤተሰብ ስልክ ሳትሰጡ ማደር የለም። ጊዜው ካልፈቀደ ቀን ሄዳችሁ ቀን ተመለሱ። ሐይቁ የትም አይሄድም።

ሸራውን ከገዛችሁ በኋላ መጀመሪያ ቤታችሁ ግቢ ውስጥ ወጥሩት፣ ባልዲ ውሃም ድፉበት። ግቢ የሌላችሁ የጎረቤት ግቢ ለምኑ። ማታ በጨለማ፣ በዝናብ፣ በደነዘዘ ጣት እንደምታስሩት አስባችሁ ቋጠሮውን ተለማመዱ። ስትመለሱ አድርቃችሁ እጠፉት፤ እርጥብ የታጠፈ ሸራ ይሸታል፣ ይሻግታል። ክረምት መሐል ላይ ጣሪያው የሚያፈስ ጎረቤት ካላችሁም ሸራው ቁም ሣጥን ላይ ከሚቀመጥ እሱ ጋ ይክረም። ለመስከረም ይመልስላችኋል።

መልካም ክረምት! ጥያቄ ያለው ከታች ይጻፍልኝ። የሦስት ማዕዘኑ ስሌት ያልገባው ግን መጀመሪያ የዘጠነኛ ክፍል ደብተሩን ፈልጎ ይምጣ።